በግቢዬ ስላገኛችሁልኝ ዘጠኝ ቤቶች

ለተከበሩ የከተማችን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከአንድ በር ሠሪ ሽማግሌ፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጤናዎ፣ ወገብዎና እንቅልፍዎ እንደሚገባ እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። በተለይ እንቅልፍዎን ያነሣሁት፣ ጎንዎን ለመቀየር ሲያስቡ አጠገብዎ የተኙትን ሁሉ ቀስቅሶ ማስፈቀድ የማይጠበቅብዎ ሰው መሆንዎን ስለማውቅ፣ ይህም ጸጋ እንዲጸናልዎ ስለምሻ ነው። ጣሪያዎ አያፍስስ፣ ግድግዳዎ አያልብ፣ ማድ ቤትዎና መኝታ ቤትዎም እንደተለያዩ ይኑሩ።

እርስዎ እኔን አያውቁኝ ይሆናል፤ የእጄን ሥራ ግን በየማለዳው ይገፉታል። የቢሮዎን በር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያንን በዝናብ ወራት የሚያብጠውንና በትከሻ ካልተገፋ አልከፈት የሚለውን። በዚህች ከተማ በር ስሠራ ያረጀሁ ሰው ስሆን፣ ሰፈርተኛው «አያ መዝጊያ» ይለኛል። ጠባዬን ለሚያውቅ ሰው ይህ በጣም የዋህ ቅጽል ስም ስለሆነ፣ የባሰ ሳያወጡልኝ ብዬ ዝም ብዬ ተቀብየዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በግልጽ የምጽፍልዎ ከድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። ከዚህ ቀደም ሌሎች ደብዳቤዎች ጽፌ በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ ላይ በተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ከትቼ ነበር። ሣጥኑም የእኔ ሥራ ነው፤ ቁልፉ ከእርስዎ በፊት በነበሩት ኃላፊ ዘመን ጠፍቶ እስከ ዛሬ እንዳልተገኘ ዘበኛው በጆሮዬ ሹክ ብሎኛል። ስለዚህ ደብዳቤዎቼ ከብዙ ዓመታት ደብዳቤዎች ጋር ተነባብረው እዚያው ተኝተዋል። በከተማችን የነዋሪ መጨናነቅ ያለበት ቤት እርሱ ብቻ ነው ተብሎ ቀጥዬ በማነሣው ጥናታችሁ ቢጻፍ ኖሮ፣ እኔም ባልተከራከርኩ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ወር በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ «የከተማችን የመኖሪያ ቤት አቅርቦትና የወደፊት ፍላጎት ግምገማ» የሚል፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ያጌጠ ጥናት ተለጥፎ አነበብን። እንደ ጥናቱ ከሆነ በሰፈራችን የቤቱ ቁጥር ከቤተሰቡ ቁጥር በልጧል፤ ብዙ ቤቶች ሰው አጥተው ባዶ ተቀምጠዋል፤ በመጪዎቹ ዓመታትም ቤት ፈላጊው እያነሰ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት ከአሮጌው የጡብ ማምረቻ ጀርባ ያለው መሬት፣ ለተመዘገቡ ወጣት ባለትዳሮች ትንንሽ ቤቶች ሊሠሩበት ታጥሮ የነበረው፣ ለመኪና ማቆሚያና ለስብሰባ አዳራሽ እንዲውል ተወስኗል።

ከተመዝጋቢዎቹ መካከል የልጅ ልጄና ባሏ ይገኙበታል። ተራቸው ደርሶ ነበር። የልጅ ልጄ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጇም የጽሕፈት ቤትዎን ቀጣይ ግምገማ ሳይጠብቅ ሊወለድ ነው።

እናንተ ቁጥር እንደምትወዱ ስለተረዳሁ፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በግቢዬ ውስጥ ዘጠኝ ቤቶች እንዳሉኝ ስላሳወቃችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኛ የዋሆቹ ይህን ሁሉ ዘመን በሁለት ክፍል እንኖራለን ብለን ስንሳሳት ኖረናል። የቀሩት ቤቶች እስከ ዛሬ የት ተደብቀው እንደነበር ለማወቅ ጓጉቼ ስጠያይቅ፣ ነገሩን እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።

ቆጣሪያችሁ የመጣው ዝናብ ሲያካፋ ነበር። መኪናው ደጃችን ላይ ቆመ። ጭቃው ለአዲስ ጫማው ስላልተመቸው፣ የመኪናውን መስኮት ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርጎ ክፍት በነበረው የግቢው በር ወደ ውስጥ ተመለከተ። መመሪያችሁ ከውጭ የሚታይ አንድ በር እንደ አንድ መኖሪያ ቤት ይቆጠር ይላል አሉ። መመሪያውን ያወጡት ሊቃውንት ግን በሕይወታቸው የበር ሠሪ ግቢ አይተው አያውቁም መሰለኝ።

እናም ልጁ ቆጠረ። ሴቷ ልጄ የምትኖርበትን ክፍል በር ቆጠረ፤ ወንዱ ልጄ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖርበትን ክፍል በር ቆጠረ፤ እስከዚህ ድረስ እግዜር ይስጠው። ቀጥሎ የሥራ ክፍሌን በር ቆጠረ። ቀጥሎ የመጸዳጃ ቤቱን በር ቆጠረ፤ ማለዳ ማለዳ ተሰልፈን የምንጠብቀው ቤት ስለሆነ፣ ከፍተኛ ፍላጎት አለበት ብትሉ እኔ በበኩሌ አልቃወምም። በመጨረሻም ለትምህርት ቤት ታዝዘው የተሠሩትን፣ ቫርኒሻቸው እንዲደርቅ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ግድግዳው ላይ የተደገፉትን አምስት መዝጊያዎች ቆጠረ። የግቢውን በር መዝለሉ አሁንም ይገርመኛል፤ በእርሱ በኩል እያጮለቀ ስለነበር ይሉኝታ ይዞት ይሆናል።

ሴቷ ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። በር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ስለመሰላት ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ ግባ እንጂ ልጄ፣ ዝናቡ ይመታሃል፣ ብላዋለች። እርሱም፣ አይ እናቴ፣ ከዚሁ ይበቃኛል፣ እነዚያ ጥግ ላይ ያሉት ባለቤት አላቸው ወይ፣ ብሎ ጠየቃት። እርሷ ደግሞ፣ አላቸው እንጂ፣ ግን እስካሁን ብቅ አላሉም፣ አለችው። ልጁ አምስት ቤቶች፣ ባለቤቶቻቸው ያልገቡባቸው፣ ባዶ፣ ብሎ መዘገበና አመስግኗት ሄደ። ልጄ እስኪመሽ ድረስ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ የእናቱ አስተዳደግ ያስታውቃል እያለች ስታወድሰው ዋለች።

ከሳምንት በኋላ ትምህርት ቤቱ ጋሪ ልኮ አምስቱንም አስወሰዳቸው። ክቡር ሆይ፣ አምስት መኖሪያ ቤት በአንድ ጋሪ ተጭኖ፣ አህያዋም ሳታማርር ይዛው ስትሄድ ያየ ሰው ከእኔ በቀር በዚህች ከተማ ያለ አይመስለኝም።

ለነገሩ ዕድለኛው እኔ ብቻ አይደለሁም። በሰፈራችን አብዛኛው ቤት የፊት በርና የጓሮ በር አለው፤ አንዱ ከፊተኛው፣ ሌላው ከኋለኛው መንገድ ይታያሉ። በእናንተ አቆጣጠር፣ በፊት በር ገብቶ ልብስ ለማስጣት በጓሮ በር የሚወጣ ሰው ቤት ቀይሯል ማለት ነው። የጎረቤቴ ሚስት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰደድ ብነግራት አዘነች።

ሁለተኛ፤ የቤተሰባችንን አኗኗር «ሰፊና ምቹ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ስላሰፈራችሁልን እናመሰግናለን። ዘጠኝ ቤት ለሰባት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዳችን አንድ ቤት ከምናምን ይደርሰናል። እኔ አንዱንም ምናምኑንም ፈልጌ አጥቻለሁ።

አኗኗራችን እንዲህ ነው። በአንደኛው ክፍል ወንዱ ልጄ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቻቸው ይኖራሉ፤ ሲመሽ ጠረጴዛው ካልወጣ ፍራሹ አይዘረጋም፣ ሲነጋ ፍራሹ ካልተጠቀለለ ጠረጴዛው አይገባም። በሁለተኛው ክፍል ሴቷ ልጄ ከስፌት መኪናዋ፣ ከደንበኞቿ ጨርቅና ከነፍሰ ጡሯ ልጇ ጋር ትኖራለች፤ እናትና ልጅ የሚተኙት በአንድ አልጋ ነው፤ ሆዱ በገፋ ቁጥር እናቲቱ ወደ ግድግዳው እየተጠጋች፣ አሁን ከግድግዳው ጋር ልትዋሃድ ምንም አልቀራትም። እኔ በሥራ ክፍሌ፣ በመጋዙና በመላጊያው መካከል፣ በሰጋቱራ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ አድራለሁ። ሰጋቱራ ሲተኙበት ይሞቃል፣ አይቆረቁርም፤ ጠዋት ስነሣ ግን ከጢሜ ውስጥ የቱ ጸጉር የቱ የእንጨት ፍቅፋቂ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ይወስድብኛል።

የልጅ ልጄ ባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የሚያድረው በከተማው ሌላ ዳር፣ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በሚጋራት ክፍል፣ በተደራራቢ አልጋ ላይኛው ላይ ነው፤ ጥናታችሁ ፎቅ ቤት ነዋሪ ብሎ እንዳልመዘገበው ተስፋ አደርጋለሁ። ሁለቱ ሕጋዊ ባልና ሚስት ናቸው። የተፈራረሙትም በእናንተው ሕንፃ፣ ከቢሮዎ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ባለው አዳራሽ ነው። መዝጋቢው ትዳራችሁን የጸና ያድርገው ብሎ መርቆ ወደየቤታቸው ሸኛቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ወደየቤታቸው እንደሄዱ ናቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባልየው ሊጠይቃት ይመጣል። ያን ጊዜ ልጄ ከጎረቤት ክር መበደር እንዳለባት ድንገት ትዝ ይላታል። ምራቴ ልጆቹን ይዛ ወደ ሜዳ ትወጣለች። እኔም ምስማር ያልቅብኛል። እሑድ የሚከፈት የምስማር ሱቅ እንደሌለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጎረቤታችን ጸጉር ቆራጩ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ከዘራዬን ይዤ ሳልፍ ባየኝ ቁጥር፣ አያ መዝጊያ፣ ዛሬም ምስማር አለቀ እንዴ፣ ይለኛል። ምን ላድርግ ልጄ፣ ይህ ቤት ምስማር የሚበላ ቤት ሆነ፣ እለዋለሁ። እንሳሳቃለን፤ ዐይን ለዐይን ላለመተያየት የሚሳቅ ሳቅ አለ፣ እርሱን ነው የምንስቀው። ክቡር ሆይ፣ ሊወለድ ያለው ልጅ የእኔ የምስማር እጥረት ፍሬ መሆኑን በጥናታችሁ ቀጣይ እትም በግርጌ ማስታወሻ ቢያሰፍሩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሦስተኛ፤ የወደፊቱን ፍላጎት ለማወቅ የተጠቀማችሁበት ዘዴ እጅግ አስደንቆኛል። በሰፈራችን የሚጋባው ሰው ከዓመት ዓመት መቀነሱን አይታችሁ፣ የሚያገባ ካነሰ ቤት የሚፈልግም ያንሳል ብላችሁ ደምድማችኋል። ይህን የጻፈውን ባለሙያ እጁን መጨበጥ እፈልጋለሁ፤ ጠበቅ አድርጌ።

ቅድም ያነሣሁልዎት ጸጉር ቆራጭ እጮኛ ከያዘ ብዙ ዓመት ሆነው። ቀለበቱ ከምላጮቹ ጋር በመሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። የቸገራቸው ፍቅር አይደለም፤ ፍቅሩማ ለሰፈሩ ሁሉ ተርፎ መንገድ ላይ ይታያል። የቸገራቸው በሩን ዘግተው የሚቀመጡበት አንድ ክፍል ነው። እናንተ ግን ቤት አጥተው አላገቡም፤ አላገቡምና ቤት አያሻቸውም፤ አያሻቸውምና አይሠራላቸውም አላችሁ። ይህ አካሄድ ወደ ዳቦ ቤት ቢወሰድ፣ ምድጃው ተበላሽቶ በተዘጋበት ሳምንት ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ዳቦ ይዞ የወጣ ሰው ስላላየሁ በሰፈሩ የራበው የለም ብሎ እንደመጻፍ ያለ ነው። ነገሩን ለጸጉር ቆራጩ ባስረዳሁት ጊዜ ምላጩን አስቀመጠና፣ እና ፍላጎት የለኝም ተባልኩ፣ ብሎ መስተዋቱን ያይ ጀመር። ግማሽ ጉንጩ የተላጨው ደንበኛ አረፋው እስኪደርቅበት ጠበቀ።

አራተኛ፤ ይህን ነጥብ አጭር አደርገዋለሁ፤ ብዕሬን ከለቀቅሁት የሚጽፈውን ስለማላውቅ ነው። ጥናታችሁ በአቅርቦት ረድፍ ውስጥ «በዕቅድ የተያዙ» ብሎ፣ ከጡብ ማምረቻው ጀርባ ሊሠሩ የታሰቡትን ቤቶች እንደተሠሩ አድርጎ ቆጥሯቸዋል። እነርሱ ሲቆጠሩ ቤት ተትረፈረፈ። ቤት ስለተትረፈረፈም እነዚያው ቤቶች እንዳይሠሩ ተወሰነ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ መነጽሬን ጠርጌ አነበብኩት፤ መነጽሬ ምንም አልሆነም። በፍላጎት ረድፍ ውስጥ ደግሞ ያልተወለደ ልጅ አይቆጠርም ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ያልተሠራ ቤት ይቆጠራል፤ ያልተወለደ ልጅ አይቆጠርም። ያልተሠራው ቤት ማንንም በእግሩ አይመታም። ያልተወለደው ይመታል፤ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አስቀምጣ አሳይታኛለች፤ ብርቱ ነው፣ ምቱ ግድግዳ የሚፈልግ ሰው ምት ነው።

አምስተኛ፤ ስሕተቱን ለማሳረም በአካል በመጣሁ ጊዜ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። የተቀበለኝ ወጣት ባለሙያ ወንበር ሰጥቶኛል፣ ውኃም ጋብዞኛል። ከዚያም፣ አባባ፣ አንድ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ እስከሚቀጥለው ግምገማ ድረስ አይነካም፣ አለኝ። ቤቶቹ እኮ የሉም ስለው፣ አለመኖራቸውን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት ማስረጃ ያምጡ፣ አለኝ። ማስረጃውን የሚሰጠው ማን ነው ብል፣ እኛው ነን፣ አለኝ። እንግዲያው ስጠኝ ስለው፣ አባባ፣ ያለ ማስረጃ ማስረጃ አንሰጥም፣ አለኝ። የልጅ ልጄን ሁኔታ አንድ በአንድ ዘርዝሬ ነገርኩት። እርሱም ፈገግ ብሎ፣ ዘጠኝ ቤት ያለው ሰው ሊያመሰግን እንጂ ሊያማርር አይገባም፣ አለኝ። ምክሩን ተቀብዬ ይኸው እያመሰገንኩ ነው።

ሲሸኘኝም በአክብሮት ተነሥቶ በሩን ሊከፍትልኝ ቢሞክር ያበጠው በር እምቢ አለው። ሁለታችንም ትከሻችንን ሰጥተን ገፋነው። በዚያን ቀን ጽሕፈት ቤታችሁና እኔ ተባብረን የሠራነው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፤ እዚህ ላይ ቀልድ አልጨምርም።

የልጅ ልጄ ማስታወቂያውን ያነበበችው ከሥራ ስትመለስ፣ በሰው መካከል ቆማ ነው። እናቷ ለአዲሱ ቤት ብላ የሰፋችላት መጋረጃ ነበር፤ ቤት ስትገባ እርሱን አጣጥፋ ከአልጋው ሥር አስገባችው። በማግስቱ ባሏ መጣ፤ እሑድ አልነበረም። ሁለቱም ወደ ሥራ ክፍሌ ገቡና ዙሪያውን ያዩ ጀመር። እርሱ ግድግዳውን በስንዝር ለካ። እኔም የማላይ መስዬ መላጊያዬን መሳል ቀጠልኩ፤ ምን እየለካ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። በመጨረሻ እርሷ ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ አንድ እፍኝ ሰጋቱራ አነሣችና፣ አባባ፣ ይሄ ለጨቅላ ደረት ጥሩ አይደለም አይደል፣ አለችኝ።

ሰው ጠይቆኝ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ እውነተኛው ቢጠፋኝ የሐሰቱን እሰጣለሁ፤ የሐሰቱም ቢጠፋኝ አስቃለሁ። ያን ቀን ሦስቱም ጠፉኝ። ጥሩ አይደለም። የቫርኒሹም ሽታ ጥሩ አይደለም። ክፍሉን ለእነርሱ ብለቅ መጋዜን የምተክልበት የለም፤ መጋዜን ብነቅል ደግሞ የቤታችን ግማሽ ምድጃ ይጠፋል። ይህን ሁሉ ከፊቴ አንብባ ሰጋቱራውን ቀስ አድርጋ ወደ ነበረበት መለሰችው።

አሁን ባሏ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሥራም ቤትም እንደሚፈልግ፣ ሲያገኝም እንደሚወስዳት ነግሯታል። ልጁ ሲወለድ አባቱ አጠገቡ አይኖርም ማለት ነው። እርሷም ሂድ ብላዋለች፤ ድምፅዋን ግን እኔ ከግድግዳው ማዶ ሰምቼዋለሁ። ጽሕፈት ቤታችሁ ይህንንም «ፍልሰት» በሚለው ረድፍ አስገብቶ፣ የሰፈሩ የቤት ፍላጎት በአንድ ሰው ቀነሰ ብሎ እንደሚያበስረን አልጠራጠርም።

ክቡር ሆይ፣ ድህነትን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው ያረጀነው። ጎርፍም አውቃለሁ፣ እሳትም አውቃለሁ፤ ቤት ያፈረሱብን ጊዜ ተቀምጠን አልቅሰን፣ ተነሥተን ሠርተናል። ይህን ቤት ያፈረሰብን ግን ጭቃ የፈራ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ጫማውን አምኖ የፈረመው ደግሞ የእርስዎ እጅ ነው። ቆጣሪውን ልጅ አልቀየመውም፤ ወጣት ነው፣ ጫማውም አዲስ ነው። እርስዎ ግን እንደ እኔ በዚህችው ከተማ ያደጉ ሰው ነዎት፤ ሰፈራችን በቤት ብዛት ሞልቶ ፈሷል የሚል ወረቀት ፊትዎ ሲቀርብ፣ ወደ መስኮቱ ሄደው አንድ ጊዜ ውጭውን ለማየት ስንት እርምጃ ይፈጅብዎት ነበር?

ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ወደ ጨዋነቴ ተመልሻለሁ።

በቅሬታ ብቻ ሰው ደጅ መቆም ነውር ስለሆነ መፍትሔም ይዤ ቀርቤያለሁ። ከፍራሼ አናት ላይ ለራሴ የሬሳ ሣጥን ብዬ ለብዙ ጊዜ ያስቀመጥኩት ደህና ጣውላ ነበረኝ። በእናንተ አቆጣጠር እርሱም መክደኛ ስለሚኖረው መኖሪያ ቤት መባሉ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ሆኖም ለእኔ የሚቸኩል ሰው ስለሌለ ልጠብቅ እችላለሁ። ከዚያ ጣውላ አንድ በር ሠርቻለሁ። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ሁሉ ይህኛው ይበልጣል። ሁለት እጀታዎች አሉት፤ አንደኛው እንደ ልማዱ፣ ሁለተኛው ዝቅ ብሎ፣ መራመድ በጀመረ ልጅ ቁመት ልክ።

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ባልና ጸጉር ቆራጩ በጋሪ አድርገው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ አደረሱት፤ ከመስኮትዎ ሥር ግድግዳው ላይ አስደግፈነዋል። ዘበኛው ምንድን ነው ሲለን ቤት ነው አልነው። እርሱም መመሪያውን ሳይሰማ አልቀረም፣ ስቆ አሳለፈን።

እንግዲህ ከውጭ የሚታይ አንድ በር አንድ መኖሪያ ቤት እስከሆነ ድረስ፣ በግቢዎ ውስጥ ባለቤቱ ያልገባበት አንድ ባዶ ቤት አለ። ቤቱ ለልጅ ልጄ፣ ለባሏና ለሚመጣው ልጅ እንዲመዘገብ በትሕትና አመለክታለሁ። በመጪው ሰኞ ማለዳ ይገባሉ። አልጋውን፣ የተጣጠፈውን መጋረጃና የሕፃኑን ልብስ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም ፍራሼን ይዤ አስገባቸዋለሁ። ጸጉር ቆራጩና እጮኛውም አዲሱን ቤት ለማየት ጓጉተዋል፤ በሥራ ሰዓት ድምፅ ብናበዛ እንደ አዲስ ጎረቤት ይታገሱን።

ምናልባት ያን ዕለት ወደ እኛ ወርደው፣ ኧረ አባባ፣ ይህ ቤት አይደለም፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ በር ብቻ ነው፣ ይሉኝ ይሆናል። እንዲህ ካሉኝ አንዲት ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ አስፍረው፣ ፈርመው፣ ማኅተም ያሳርፉባት። ባለሙያዎ አምጣ ያለኝ ማስረጃ እርሷ ናት። ይዣት ደረጃውን ወጥቼ፣ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ፣ ከወጣቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ እርሱም ከግቢዬ ላይ አምስቱን ቤቶች፣ ከዚያም መጸዳጃ ቤቱንና የሥራ ክፍሌን ይሰርዛል፤ ከዚያም ወደ ጎረቤቶቼ የጓሮ በሮች ይሻገራል፤ ሰርዞ ሲጨርስም ከጡብ ማምረቻው ጀርባ ስላለው መሬት እንደገና ለመነጋገር ወንበርና ውኃ ይሰጠኛል። ማኅተሙን መምታት የማይመችዎ ከሆነም ችግር የለም፤ ቤት ነው ማለት ነው፣ እንኖርበታለን።

ከሁለቱ የቱን እንደሚመርጡ ለማየት ከፍ ባለ አክብሮት፣ እየጓጓሁም፣ ሰኞን እጠብቃለሁ።

የዘጠኝ ቤቶች ጌታ፣ በሰጋቱራ ላይ አዳሪ፣ የማይከፈተው ሣጥንና የሚያብጠው በር ሠሪ፣ ያልተቆጠረው ልጅ ቅድመ አያት፣ የእርስዎም የሰኞ ጎረቤት፣

አያ መዝጊያ

ድኅረ ጽሑፍ፤ የቢሮዎን በር ከሰኞ ጀምሮ ቅርብ ስለምሆን አለስልሼ አስተካክልልዎታለሁ፤ ለመውጣት እንዳይቸገሩ። የእኛን በር በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ሳልገልጽ እንዳላልፍ፦ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። በሩን እኔ ሠርቻለሁ፤ ውስጡ የእናንተ ድርሻ ነው።